መቀመጫን በቡና ፍሬ ማስላት፦ በጅማ የሚሰጠው የፓርቲ ዝርዝር ምርጫ ስልጠና ሲመዘን

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ የሚሰጠው የሁለት ቀን ስልጠና የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መራጩ ለሰው ሳይሆን ለፓርቲ ዝርዝር፣ ማለትም ፓርቲው ለሚያቀርበው የእጩዎች ስም ዝርዝር፣ ድምፅ ሲሰጥ ድምፁ እንዴት ወደ ምክር ቤት መቀመጫ እንደሚለወጥ። ክፍያው ለአንድ ሰው 900 ብር ሲሆን ጽሑፉን፣ የስሌት ወረቀቱን፣ ምሳና ቡናውን ይጨምራል። የመጀመሪያው ቀን ከተከፈለው በላይ ይሰጣል። ሁለተኛው ቀን ግን ሳይታረም መቀጠል የማይገባው የስሌት ስህተት አለበት፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ጉዳይ ደግሞ በሃያ ደቂቃ አልፎታል።

መነሻው ከአገራችን ሕግ መሆኑ ትክክለኛ ምርጫ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ በአብላጫ ድምፅ እንደሚመረጡ ይደነግጋል። ስለዚህ ወደ ዝርዝር ምርጫ መሻገር በምርጫ አዋጅ ማሻሻያ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ በአንቀጽ 105 መንገድ ሕገ መንግሥቱ መሻሻል አለበት። አሰልጣኞቹ ይህን ካስረዱ በኋላ ሁለት ውጤት ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 23ቱም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ለቅንጅት ሆኑ፤ በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ 547ቱም ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ። በመጀመሪያው የአንዱ ወገን መራጮች፣ በሁለተኛው የሌላው ወገን መራጮች ያለ ወኪል ቀሩ። ጉዳዩ የሁሉም ወገን መሆኑን በሁለት መስመር ማሳየት ትልቅ ችሎታ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሊነሳ የነበረውን ጭቅጭቅም ያበርደዋል።

ከዚያ ጠረጴዛው ይዘጋጃል። ለእያንዳንዱ ቡድን 100 ፍሬ ጥሬ ቡና፣ አራት ስኒ፣ 8 ቆርኪ። አንዱ ፍሬ 1,000 ድምፅ ነው፤ አንዱ ቆርኪ አንድ መቀመጫ። ፓርቲዎቹ ጀበና፣ ረከቦት፣ ሙቀጫና ዘነዘና ይባላሉ፤ ማንም ሰው የደገፈውን ፓርቲ እያሰበ እንዳይቆጥር ነው። በስኒዎቹ ውስጥ 47፣ 29፣ 16 እና 8 ፍሬ ይገባል። ቡናው ጥሬና የተለቀመ መሆኑ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ የተቆላ ፍሬ እጅ ላይ ይሰነጠቃል፣ ከሦስት ዙር ቆጠራ በኋላም መቶው መቶ መሆኑ ይቀራል።

የመጀመሪያው ዙር አሁን ባለው ሥርዓት ነው። ድምፁ በ8 ምርጫ ክልል ተመሳሳይ ሆኖ ቢሰራጭ ጀበና በየክልሉ አንደኛ ስለሚወጣ 8ቱንም ቆርኪ ይወስዳል። 47 ፍሬ ሁሉንም ወሰደ፣ 53 ፍሬ ምንም አላገኘም። ሰልጣኙ ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ ስለ ተመጣጣኝ ውክልና ረጅም ንግግር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ዙር ስምንቱን ምርጫ ክልሎች አንድ አድርጎ በዲሆንት ስሌት ያካሂዳል። ስሙ የቤልጅጉ የሕግ ሰው ቪክቶር ዲሆንት ሲሆን፣ አገሩ ቤልጅግ ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1899 በሕግ አጽድቃለች። አካሄዱ ቀላል ነው። በዚያ ሰዓት ትልቁን ቁጥር የያዘ ፓርቲ አንድ ቆርኪ ይወስዳል፤ ከወሰደ በኋላ ዋናው ድምፁ በያዘው መቀመጫ ላይ አንድ ተደምሮ ይካፈላል። ጀበና በ47,000 የመጀመሪያውን ይወስድና ወደ 23,500 ይወርዳል። ረከቦት በ29,000 ሁለተኛውን ይወስድና 14,500 ይሆናል። ሦስተኛው የጀበና ነው፤ 47,000 ለ3 ተካፍሎ 15,667 ይቀረዋል። አራተኛውን ሙቀጫ በ16,000 ያገኛል። አምስተኛው ለጀበና፣ ስድስተኛው ለረከቦት፣ ሰባተኛው ደግሞ በ11,750 እንደገና ለጀበና። ስምንተኛውና የመጨረሻው ላይ ረከቦት 9,667፣ ጀበና 9,400፣ ሙቀጫ 8,000፣ ዘነዘናም 8,000 ይዘው ይቆማሉ። ረከቦት ያሸንፋል። ውጤቱ 4፣ 3፣ 1 እና 0 ነው።

ስህተቱ የተፈጠረው እዚሁ የመጨረሻ ቆርኪ ላይ ነው። የታደለው የስሌት ወረቀት «ፍሬ አይቆረጥምና ክፍልፋዩን ጣሉት» ይላል። 29 ለ3 ሲካፈል 9.67፣ 47 ለ5 ሲካፈል 9.4 ነው። ክፍልፋዩ ሲጣል ሁለቱም 9 ይሆናሉ። ያልነበረ እኩልነት ተፈጠረ፤ ወረቀቱም «እኩል ሲሆን ዕጣ» ስለሚል ዕጣ ይጣላል። ስለዚህ በግማሽ ያህሉ ጠረጴዛ ጀበና 5 መቀመጫ ይዞ ይወጣል፣ ረከቦት በስሌቱ 267 ገደማ በልጦ ያሸነፈውን መቀመጫ በዕጣ ያጣል። ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። ዲሆንት፣ በሦስተኛው ዙር የሚመጣው ሴንት ላጉ፣ የትኛውም የማካፈያ ስሌት የሚወሰነው በመጨረሻው መቀመጫ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ክፍልፋይ መጣል መቀመጫ መስጠት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ፍሬው ለመጀመሪያው ቆጠራ ብቻ ይዋል፤ ከዚያ በኋላ በሙሉ የድምፅ ቁጥር በካልኩሌተር ይካፈል፤ ዕጣ የሚመጣው ቁጥሮቹ እስከ መጨረሻው ነጥብ እኩል ከሆኑ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዙር በሴንት ላጉ ነው፤ ማካፈያው 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ይሄዳል። ያው 100 ፍሬ አሁን 4፣ 2፣ 1 እና 1 ይሰጣል። ዘነዘና በ8,000 ድምፁ ሰባተኛውን መቀመጫ ያገኛል፤ ረከቦት አንድ ይቀነስበታል። ምክንያቱ ማካፈያው ሁለት ሁለት እየዘለለ ስለሚሄድ አንድ መቀመጫ የያዘ ፓርቲ ለሁለተኛው ረዘም ያለ ወረፋ ይጠብቃል፣ ገና ያልያዘው ትንሽ ፓርቲ ያልፈዋል። ስዊድን ይህን ስሌት ትጠቀማለች፤ ግን የመጀመሪያውን ማካፈያ ከ1 ወደ 1.2 ከፍ አድርጋ ትንንሾቹ የመጀመሪያውን መቀመጫ በጣም በቀላሉ እንዳያገኙ ታደርጋለች። ይህ ከጽሑፉ ውስጥ ቢጨመር መልካም ነበር፤ ሰልጣኙ ስሌት ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሕግ አውጪ የሚያስተካክለው መሆኑን ይረዳበታል። ኮታ የሚባለው መንገድም ተሰልቷል። 100,000 ድምፅ ለ8 መቀመጫ ሲካፈል የአንዱ መቀመጫ ዋጋ 12,500 ይሆናል፤ በሙሉ ኮታ ስድስት መቀመጫ ይታደላል፤ የቀሩት ሁለቱ ትልቅ ትርፍ፣ ማለትም ከሙሉ ኮታ የተረፈ ድምፅ፣ ላላቸው ለጀበና (9,500) እና ለዘነዘና (8,000) ይሄዳሉ። ውጤቱ ከሴንት ላጉ ጋር አንድ ሆነ።

ቀጥሎ ያለው ክፍለ ጊዜ ስለ ዝቅተኛው የመግቢያ መጠን ነው፤ አንድ ፓርቲ መቀመጫ እንዲደርሰው ማግኘት ያለበት ትንሹ የድምፅ መቶኛ ማለት ነው። ሰልጣኞቹ ራሳቸው ቤት መግባትን አስበው «ደፍ» አሉት፤ ስሙ በጣም ያምራል፣ እኛም እንጠቀምበት። ጀርመን 5 በመቶ፣ ስዊድን 4 በመቶ፣ እስራኤል 3.25 በመቶ ደፍ አላቸው። ቱርክ 10 በመቶ በነበራት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት ፓርቲዎች ብቻ አልፈው፣ ወደ 34 በመቶ ድምፅ ያገኘው ፓርቲ ከ550 መቀመጫ 363ቱን ወሰደ። ከ40 በመቶ በላይ ድምፅ ደፉ ላይ ወድቆ ቀረ። ደፉን ወደ ጠረጴዛው ስናመጣው፣ በሴንት ላጉ ዙር 10 በመቶ ቢደረግ ዘነዘና ይወጣል፣ መቀመጫውም ወደ ረከቦት ይመለሳል፤ ውጤቱ በትክክል እንደ ዲሆንቱ 4፣ 3፣ 1 ይሆናል። ማለትም ለትንሹ የሚያደላ ስሌት መርጦ ከፍ ያለ ደፍ ማስቀመጥ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው።

ጽሑፉ ግን ደፉ ከየትኛው ድምር እንደሚሰላ አይነግርም። ዋጋ ካለው ድምፅ ነው ወይስ ኮሮጆ ውስጥ ከገባው ሁሉ? ዋጋ ያለው 100,000፣ ዋጋ አልባው 4,000 ቢሆን፣ 5,100 ድምፅ ያገኘ ፓርቲ በመጀመሪያው መንገድ 5.1 በመቶ አለውና 5 በመቶውን ደፍ ያልፋል፤ በሁለተኛው 4.9 በመቶ ሆኖ ይቀራል። የፓርቲ ወኪል ሆኖ ቆጠራ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህን ነው።

ስለ ስም ዝርዝሩ የተደረገው ክፍለ ጊዜ ጥሩ ነበር፤ ያዳነው አንድ ሽማግሌ ሰልጣኝ ያነሱት ጥያቄ ነው። «ልጄ፣ ድምፄን ለወረቀት ከሰጠሁ፣ መንገዱ ሲበላሽ የማንን ደጅ ነው የምጠናው?» አሉ። አሰልጣኟ «አባቴ፣ ያ የሚወሰነው ዝርዝሩ ተዘግቶ ነው ተከፍቶ በሚለው ነው» ብላ ሁለት ወረቀት አወጣች። በተዘጋ ዝርዝር ጀበና 4 መቀመጫ ካገኘ የሚገቡት ከ1 እስከ 4 የተጻፉት ናቸው፤ ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው ፓርቲው ነው። ደቡብ አፍሪካ እንዲህ ታደርጋለች፤ ከ400ው መቀመጫ ግማሹ ከየክፍለ ሀገሩ፣ ግማሹ ከአገር አቀፍ ዝርዝር ይሞላል። በክፍት ዝርዝር፣ እንደ ፊንላንድ፣ መራጩ የአንድ እጩ ቁጥር ይጽፋል፤ ድምፁ መጀመሪያ ለፓርቲው ይደመራል፣ ከዚያ በዝርዝሩ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚገባ ይወስናል። ኔዘርላንድስ መካከሉን ይዛለች፤ የአንድ መቀመጫን ኮታ ሩብ ያህል ድምፅ በስሙ ያገኘ እጩ ከተቀመጠበት ዝቅ ያለ ቦታ ዘሎ ሊገባ ይችላል። መልሱ ለሽማግሌው ግማሽ መልስ ነው፣ ሐቁም ያ ነው።

ሴቶችን በሚመለከት ስልጠናው «ወንድ፣ ሴት፣ ወንድ፣ ሴት እየተባለ ይሰለፍ» ብሎ አለፈ። በእኛው 4፣ 3፣ 1 ውጤት እንየው። ሦስቱም ዝርዝሮች በወንድ ቢጀምሩ ጀበና 2፣ ረከቦት 1፣ ሙቀጫ 0 ሴት ያስገባል፤ ከ8 መቀመጫ 3 ማለት ነው። ችግሩ ትንንሾቹ ፓርቲዎች የሚያገኙት ቁጥር አንዱን ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ተራው ብቻ ሳይሆን ከፓርቲዎቹ ዝርዝሮች ግማሾቹ በሴት እንዲጀምሩ ማድረግም ያስፈልጋል።

ትልቁ ጉድለት የምርጫ ክልሉ ስፋት ነው። ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ ያውም ከምሳ በኋላ። ስሌቱም ደፉም በክብደት ከዚህ ጥያቄ በታች ናቸው፦ አንድ ምርጫ ክልል ስንት መቀመጫ ይይዛል? ኔዘርላንድስ 150ውን መቀመጫ በአንድ ምርጫ ክልል ታድላለችና ወደ 0.67 በመቶ ያገኘ ፓርቲ ይገባል። ወደ እኛ ሲመጣ፣ የአገራችን ክልሎችና ድሬዳዋ እንዳሉ የዝርዝር ምርጫ ክልል ይሁኑ ቢባል ኦሮሚያ 178 መቀመጫ አለው፣ ጋምቤላ 3፣ ሐረሪ 2፣ ድሬዳዋ 2። ያው 100 ፍሬ በ2 ቆርኪ ቢታደል ለጀበና 1፣ ለረከቦት 1 ይሆናል፤ 47ና 29 እኩል ሆኑ፣ 24 ፍሬ ምንም አላገኘም። በዲሆንት ሁለቱንም ለመውሰድ አንደኛው ከሁለተኛው ከእጥፍ በላይ ማግኘት አለበት። በ3 ቆርኪ ደግሞ ዲሆንት 2 ለ1 ሲል ሴንት ላጉ ለሦስቱ ፓርቲዎች አንድ አንድ ይሰጣል። በሌላው ጫፍ 178 ስም ያለበት ዝርዝር የጅማን መራጭ ከወኪሉ ያርቀዋል፤ የሽማግሌው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው ተመልሶ የሚመጣው። ይህ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይገባዋል። ቆርኪውን ከ8 ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 2 ዝቅ ማድረግ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሌላው፣ ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ነው የተዘጋጀው። ጅማ ላይ ሰልጥኖ ወደ ቀበሌው የሚመለስ ሰው የሚያስረዳው በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ «ትርፍ»፣ «ማካፈያ» እና «ደፍ» እዚያ ምን እንደሚባሉ አስቀድሞ ካልተስማማ እያንዳንዱ በራሱ ቃል ያስተምራል። አሰልጣኞቹ በቃል ሁለቱንም ቋንቋ ጥሩ አድርገው ይጠቀማሉ፤ የጎደለው ወረቀቱ ነው።

ለፓርቲ ወኪሎች፣ ለሥነ ዜጋ መምህራንና ለታዛቢዎች የመጀመሪያው ቀን ይጠቅማል፤ ለሁለተኛው ቀን ካልኩሌተር ይዛችሁ ሂዱ። የስሌት ወረቀቱ እንደታደለ «ክፍልፋዩን ጣሉት» የሚለውን መስመር ሰርዙና ከጎኑ 9,667 እና 9,400 ብላችሁ ጻፉ።