ሐዋሳ ላይ ያገለገለ ቪታራ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከስሯ ሳታዩ ቀብድ እንዳትሰጡ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ እንደኔ ቅዳሜና እሁድ ድንኳን ጭናችሁ መውጣት የምትወዱ፣ እባካችሁ ይሄን አንብቡት። እኔ የ3 ዓመት ቁጠባዬን ከፍዬ ነው ያወቅኩት።

በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና ዋጋው አይቀመስም፣ ላንድክሩዘርና ፓትሮል ለኛ አይታሰብም፣ ስለዚህ ሁላችንም የምንሄደው ወደ አሮጌዋ አጭሯ ሱዙኪ ቪታራ ነው፣ በፈረንጆቹ 1988 መመረት የጀመረችው። መኪናዋ ራሷ ጎበዝ ናት፣ ራሱን የቻለ ሻንሲ (ከስር የሚሸከማት የብረት አፅም) አላት፣ ቀላል ናት፣ መካኒኩ ሁሉ ያውቃታል። እኔ ያገኘኋት ደግሞ ከገበያው 120 ሺህ ብር ትቀንስ ነበር። ደላላው "ፎር ባይ ፎሯ እንደ አዲስ ነው" አለኝ፣ ማርሹን ሳብ ሲያደርገው ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በራ፣ አመንኩት። ሐይቁ ዳር አስፋልት ላይ ዞር ዞር አልን፣ በቃ ተፈራረምን።

የመጀመሪያ ጉዟችን ባሌ ነበር። ሳነቲ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው ግን ኮረኮንቹ ደረቅ ስለነበር ምንም አልታወቀኝም፣ ወደ ሀረና ጫካ ወርደን ሪራን እንዳለፍን ዝናቡ መጣና ጭቃ ውስጥ ተቀረቀርን። ፎር አስገባሁ፣ መብራቱ በራ፣ ነዳጅ ስሰጥ ውጪ የቆመው ጓደኛዬ "የፊቱ አይዞርም!" ብሎ ጮኸ። ወርጄ ሳይ የኋላዎቹ ጉድጓድ ቆፍረዋል፣ የፊቶቹ ንቅንቅ አላሉም፣ ጭቃው ላይ የጎማው ጥርስ እንደታተመ ነው። በነጋታው አንድ አይሱዙ መጥቶ እስኪጎትተን እዛው አደርን፣ አብራን የነበረች እህቴ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ያየሁት መቼም አይረሳኝም።

ሐዋሳ ስንመለስ መካኒኩ ከስር ገብቶ ጠራኝ። ከትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ ከሚያከፋፍለው) ወደ ፊት ጎማዎቹ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ የለም፣ ወልቋል! ዘይት እንዳይንጠባጠብ ጫፉ ላይ ፌስታል በሽቦ ታስሮበታል። መብራቱ የሚበራው ትራንስፈሩ ላይ ካለችው ስዊች ነው፣ ዘንግ ኖረም አልኖረም ይበራል። ሻጩ ጋ ስደውል "ባለበት ሁኔታ አይቼ ተረክቤያለሁ ብለህ ፈርመሃል" አለኝ፣ እውነትም ውሉ ላይ አለ።

ስለዚህ ዳሽቦርድ አትመኑ፣ የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ከስር ግቡ፣ የፊቱንም የኋላውንም ዘንግ በአይናችሁ እዩ፣ ሻንሲው ላይ ብየዳ ካለም የሚታየው እዛው ነው። ከዛ ጠንከር ያለ አፈር ሜዳ ላይ ውሰዷት፣ የፊት ጎማው መሀል ላይ የሚዞር ሎክ ካላት ቆልፉት፣ ፎር አስገብታችሁ መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። የምትሰራ ከሆነ ያዝ ያዝ ታደርጋችኋለች፣ መሪው ይከብዳል፣ ልክ ፎር ሳታስገቡ እንደነበረችው ዝም ብላ ከዞረች የፊቱ ኃይል አያገኝም ማለት ነው። ሊብሬውን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጋር ማመሳከር፣ ዕዳና እገዳ ማጣራት ያው የምታውቁት ነው፣ ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ግን ቀረጡ ሳይከፈል ስም ስለማይዞርላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ውሉ ላይም "ፎር ባይ ፎሩ የሚሰራ" ተብሎ ይፃፍ፣ ሻጩ አልፅፍም ካለ ትታችሁት ሂዱ።

ትናንት ያው ደላላ ሌላ ቪታራ ለጥፎ አየሁ፣ "ሙሉ ፎር ባይ ፎር" ይላል። ልታዩዋት የምትሄዱ መካኒክ ከሌላችሁ በውስጥ ፃፉልኝ፣ አብሬያችሁ ሄጄ ከስር እገባላችኋለሁ።