ስፔሻሊቲ የስኩባ ኮርሶች፦ ለወሎ ሰው የትኛው ገንዘብ ያወጣል?

በስኩባ፣ ማለትም አየር በሲሊንደር ይዞ፣ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ስፔሻሊቲ (የልዩ ዘርፍ) ሰርተፍኬት እንዲደረድር የሚያስገድደው ነገር የለም። የመጀመሪያው ኮርስ ኦፕን ዋተር እስከ 18 ሜትር፣ ቀጣዩ አድቫንስድ ኦፕን ዋተር ደግሞ እስከ 30 ሜትር ያደርሳል። እዚህ የሚታየው ኮራል ያለ ብርሃን ስለማያድግ በታጁራ ባሕረ ሰላጤም ሆነ በሙሻና መስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ዓይን የሚስበው ነገር ያለው ከላይኛው ውሃ ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልዲያ ተነስቶ ጂቡቲ ለሚወርድ ሰው ኮርሶቹን የመዘንነው በሚያስጨብጡት ችሎታ ነው። የእኛ ቅደም ተከተል ሌላ ቦታ ከሚነገረው ይለያል፤ ምክንያቱም ከባሕር ወጥተን የምንመለሰው ወደ ደጋ ነው።

ስለዚህ አንደኛ ያደረግነው ብዙ ሰው የሚዘለውን አልቲቱድ ዳይቨር የተባለውን የከፍታ ኮርስ ነው። ጠላቂ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲተነፍስ ናይትሮጅን ደሙና ሥጋው ውስጥ ይሟሟል፤ ከወጣም በኋላ ለብዙ ሰዓት ቀስ እያለ ይወጣል። የአየሩ ግፊት ቶሎ ከቀነሰ ግን አረፋ ይሠራል፤ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ እግር መደንዘዝ፣ ሲብስም ሽባነት ያመጣል። ከዳይቭ በኋላ አውሮፕላን አትሳፈሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ለመኪናም እንደሚሠራ ብዙ ሰው አይነግራችሁም። የአውሮፕላን የውስጥ ግፊት ቢበዛ ከ2,400 ሜትር ትንሽ ከፍ ባለ ቦታ ካለው ጋር ይስተካከላል፤ ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። በጋላፊ አድርጎ እስከ ሚሌ ድረስ መንገዱ አብዛኛው ቆላ ነው። ከሚሌ ወደ ባቲ ሲወጣ 600 ሜትር ይታለፋል፣ ኮምቦልቻ 1,800ዎቹ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ሐረጎን መውጣት አለ።

የሚመከረው ዝቅተኛ የእረፍት ጊዜ ለአንድ ዳይቭ 12 ሰዓት፣ በቀን ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ 18 ሰዓት ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከመጨረሻው ዳይቭ የወጣ ሰው 18 ሰዓቱ የሚሞላለት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው። ቁጥሩ የወጣው ለአውሮፕላን ከፍታ ስለሆነና ደሴ ከዚያም ስለምትበልጥ 24 ሰዓት ጠብቁ እንላለን። የመጨረሻውን ቀን ከተማ ዙሩበት፣ ልብስ አድርቁበት፤ ለሹፌሩም አስቀድማችሁ ንገሩት።

ይኸው ኮርስ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው የሐይቅ ሐይቅ ለመጥለቅ ለሚያስብም አስፈላጊ ነው። የሐይቅ ውሃ ወለል 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠረፉን 80 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ እዚያ 18 ሜትር መውረድ፣ የጨው አልባነቱ ተቀንሶለት እንኳ፣ ለባሕር በተሠራው የመጥለቂያ ደቂቃ ሰንጠረዥ 22 ሜትር ገደማ ሆኖ ይሰላል። ዳይቭ ኮምፒውተራችሁ (ጥልቀትና የቀረ ደቂቃ የሚያሳየው የእጅ መሣሪያ) ከፍታን ራሱ ያነባል ወይስ በእጅ ይሞላል የሚለውን ውሃ ከመግባታችሁ በፊት መመሪያው ላይ እዩ። በባሕር ጠረፍ ልክ የቀረ ኮምፒውተር ከሚገባው በላይ ደቂቃ ይሰጣል። ሐይቅ ጠልቆ በዚያው ምሽት ደሴ መግባትም ወደ 600 ሜትር መውጣት ነው፤ አዳሩ እዚያው ሐይቅ ይሁን።

ሁለተኛው ናይትሮክስ፣ ማለትም ኦክስጅኑ ከተራ አየር የበዛ ጋዝ፣ የሚያስተምረው ኮርስ ነው። እዚህ ላይ ካርዱ (ሰርተፍኬቱ) ራሱ ያስፈልጋል፤ ሥራውን የሚያውቅ ማዕከል ያለ ካርድ ናይትሮክስ አይሞላም። 32 በመቶ ኦክስጅን ያለው ጋዝ 18 ሜትር ላይ ፓዲ በተባለው የጠላቂዎች ማሰልጠኛ ድርጅት ሰንጠረዥ 95 ደቂቃ መቆያ ይሰጣል፤ ተራ አየር 56 ብቻ። በቀን ሦስት ዳይቭ ለሚያደርግ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን ኦክስጅን ጥልቀቱ ሲበዛ ይመርዛል። የጥልቀት ወሰኑን ለማግኘት 1.4ን (የኦክስጅን ግፊት ጣሪያው በባር) ለ0.32 አካፍሉ፣ 4.375 ይመጣል፤ አንዱን ቀንሳችሁ በ10 ስታባዙ 33 ሜትር ከትንሽ ነው። ከዚያ በታች በዚህ ጋዝ አይወረድም፤ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ ሬጉሌተሩን (የመተንፈሻውን አፍ) ከአፍ ያስለቅቃል።

ጥሩ ኮርስ ሲሊንደሩን ተማሪው በእጁ እንዲለካ ያደርጋል፦ መለኪያውን በተራ አየር 20.9 ላይ ማስተካከል፣ ቫልቩን በትንሹ ከፍቶ ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ፣ መቶኛውን፣ የጥልቀት ወሰኑን፣ ቀኑንና ስሙን በፕላስተር ጽፎ ሲሊንደሩ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን በዚያው ቁጥር መሙላት። የሚረሳው የመጨረሻው ነው፤ የትናንቱ ጋዝ ላይ የቀረ ኮምፒውተር የጥልቀት ወሰኑን አሳስቶ ያሳያል።

ሳይሰምጡ ሳይንሳፈፉ ውሃ ውስጥ መቆምን የሚያስተምረውን የሚዛን ኮርስ በተመለከተ ካርዱን ተዉት፣ ችሎታውን ግን አትተዉ። አብዛኛው ጀማሪ ለመስመጥ የሚታጠቀውን የእርሳስ ብረት ያበዛል፤ እርሳሱን ለማካካስ አየር የሚነፋበትን የጠላቂ ጃኬት በአየር ይሞላል፣ አየሩ በጥልቀት ለውጥ ይጨመቃል ይሰፋል፣ ሰውየው ሲወጣ ሲወርድ ኮራል ይረግጣል። መፈተኛው ቀላል ነው። በዳይቩ መጨረሻ ሲሊንደሩ 50 ባር ላይ ሲደርስ ጃኬቱን ባዶ አድርጋችሁ፣ መደበኛ ትንፋሽ ይዛችሁ ውሃው ላይ ቀጥ በሉ፤ ውሃው ዓይናችሁ ልክ መቆም አለበት። ፈተናው በሙሉ ሲሊንደር ከተሠራ 2 ኪሎ ያህል ጨምሩ፣ ምክንያቱም ከ12 ሊትር ሲሊንደር እስከ መጨረሻው የሚተነፈሰው አየር ይህን ያህል ይመዝናል። አንድ ጎበዝ አሰልጣኝ ይህን በሁለት ዳይቭ ያስተካክልላችኋል።

ዲፕ የሚባለው እስከ 40 ሜትር የሚያደርሰው ኮርስ ከ30 በታች የምትፈልጉት ነገር ካለ ብቻ ይከፈልበት። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 2,400 ሊትር ይይዛል። ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 30 ሜትር ላይ 80 ሊትር ስለሚጨርስ በግማሽ ሰዓት ባዶ ነው፤ 50 ባሩን መጠባበቂያ ስትቀንሱ 22 ደቂቃ ይቀራል፣ መውጫውም ከዚሁ ነው። የሰጠመ መርከብ ከውጭ ለማየት ሬክ (የሰጠመ መርከብ) ኮርስ አያስፈልግም፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ግን ያለ ሥልጠናና ያለ መመሪያ ገመድ ፈጽሞ አይሆንም። ወደ ሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች የሚሄድ ሰው የውሃው ፍሰት ኃይለኛ ስለሆነ ድሪፍት ኮርሱን (ከፍሰት ጋር መጥለቅን)ና የምልክት ፊኛ ከውሃ ውስጥ መልቀቅን ይማር። የጀልባ፣ የዓሣ መለየትና የፎቶ ኮርሶች በመጽሐፍና በልምድ ይተካሉ፤ ውሃ የማያስገባው የብርድ ልብስ፣ ድራይ ሱት፣ ለሞቃቱ የጂቡቲ ውሃ ትርፍ ነው። ሬስኪው የተባለው የማዳን ኮርስ ስፔሻሊቲ ባይባልም ለአምስት ካርድ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለእሱ አውሉት፤ የደነገጠ ጓደኛን መያዝና ራሱን የሳተን ሰው ከውሃ ማውጣት የሚለመድበት ኮርስ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ዋጋው ውስጥ ስንት ዳይቭ እንዳለ፣ ለአንድ አሰልጣኝ ስንት ተማሪ እንደሚመደብ፣ የካርድ፣ የመጽሐፍና የጋዝ ክፍያ ተካቶ እንደሆነ ጠይቁ። በጀልባው ላይ የአደጋ ጊዜ ኦክስጅን መኖሩንና በናይትሮጅን አረፋ የተጎዳ ሰው ወደየትኛው የግፊት ክፍል (በግፊት የሚታከምበት ክፍል) እንደሚወሰድ በስሙ ካልነገሯችሁ ሌላ ማዕከል ፈልጉ።