ክራውን የተደረገለት ጥርስ ሲያም፦ መታገሥ ወይስ ሐኪሙ ጋ መመለስ?

ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት፣ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) የተደረገለት ጥርስ መልሶ ሲያም ያስደነግጣል። ልታገሥ ወይስ ዛሬውኑ ልመለስ?

ወጪ፦ መታገሥ ከማስታገሻ በቀር ወጪ የለውም። ለመመለስ ካሰቡ ማስተካከያው ክፍያ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ።

ድካም፦ አፍ ሲገጥም ክራውኑ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ ሐኪሙ ቀለም ያለው ወረቀት አስነክሶ ከፍ ያለውን ቦታ ይሞርደዋል። ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። ለዚህች ነገር ሳምንታት በአንድ ጎን የሚያኝኩ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

አደጋ፦ የተቆጣ ነርቭ ሊረጋጋም ሊሞትም ይችላል። ከሞተ ሥሩ ላይ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ ያኔ ሩት ካናል (የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ ውስጡን ማጽዳትና መሙላት) ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም ክራውኑን በስቶ ይሠራል። ማስታገሻ ሕመሙን እንጂ መንስኤውን አይነካም። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ አይቡፕሮፌን ሳይጠይቅ አይውሰድ።

ለማን የትኛው፦ ቀዝቃዛ ሲነካው ብልጭ ብሎ የሚጠፋና በየቀኑ የሚቀንስ ሕመም ከሆነ እስከ 2 ሳምንት መጠበቅ ይቻላል። ሲነክሱ የሚያም፣ ትኩስ ከጠጡ በኋላ የሚቆይ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ይመለሱ። ፊት ካበጠ፣ ካተኮሰዎት ወይም መዋጥ ካስቸገረዎት በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።