እ.ኤ.አ. የ1969 ቮልስ በ1600 ሞተርና በታደሰ የእግር ክፍል፦ ከአሥራ አራት ወራት አገልግሎት በኋላ

ከአባቴ የተረከብኳት ቮልስ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 1,285 ሲሲ ሞተር የነበራት መኪና ናት። ከኮዬ ፈጬ ወደ ሳሪስ ለሥራ የምመላለሰው በእሷ ሲሆን፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሞተሯን በ1,584 ሲሲ፣ ማለትም ሁላችንም 1600 በምንለው ሞተር አስቀየርኩ። የእግር ክፍሏን፣ ማለትም የሰስፔንሽኗን ሥራ ደግሞ በየካቲት 2017 ዓ.ም. አጠናቀቅኩ። ይህን ግምገማ የምጽፈው ከሞተር ቅያሬው ወዲህ 11,400 ኪሎ ሜትር ከተጓዝኩና አንድ ሙሉ ክረምት በአቃቂ መረሬ ጭቃ ውስጥ ካሳለፍኩ በኋላ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለማሠራት ያሰበ ሰው ገንዘቡን በየትኛው ቅደም ተከተል ማውጣት እንዳለበት ከእኔ ልምድ ቢረዳ ደስ ይለኛል፤ እኔ ቅደም ተከተሉን አዛብቻለሁና።

በቅድሚያ ከሞተሩ ምን ያህል ጉልበት መጠበቅ እንደሚገባ መታወቅ አለበት። ፋብሪካው ለዚያ ዘመን 1300 ሞተር የሰጠው ቁጥር 40 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ ሁለት የአየር መግቢያ ባለው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ለሚሠራው 1600 ደግሞ 50 ነው። እነዚህ ግን በባሕር ጠለል ላይ የተለኩ ቁጥሮች ናቸው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ገደማ ያጣል። ስለዚህ አሮጌው ሞተር ጤነኛ በነበረበት ጊዜ እንኳ በእኛ ከተማ ከ32 የፈረስ ጉልበት ብዙም አያልፍም ነበር፤ አዲሱ ደግሞ ወደ 40 ይጠጋል። ይህን ሁሉ ወጪ አውጥቼ ያገኘሁት፣ የመኪናዋ ሠሪዎች መጀመሪያውኑ አስበውላት የነበረውን፣ ከፍታው ግን የነሣትን ጉልበት ነው ማለት ይቻላል። ይህንን ያልተረዳ ሰው 1600 አስገብቶ እንደ ዘመናዊ መኪና እንድትፈተለክ ቢጠብቅ ማዘኑ አይቀርም፤ እኔ ግን በዚህ በኩል ፍጹም ረክቻለሁ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት ቀድሞ በሁለተኛ ማርሽ እየተንገታገተች ትወጣ የነበረች መኪና፣ ዛሬ ዳገቱ ረገብ በሚልባቸው ቦታዎች ሦስተኛ ማርሽ ትቀበላለች።

ቅያሬው ራሱ ከሌሎች ክላሲክ መኪኖች ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። የሁለቱ ሞተሮች የፒስተን ጉዞ ያው 69 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ልዩነቱ የሲሊንደሩ ስፋት ከ77 ወደ 85.5 ሚሊሜትር ማደጉ ነው፤ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘውም በአራት ብሎኖች ብቻ ነው። የእኔ ሞተር ከተጋጨ ኮምቢ፣ ማለትም ከቮልስ ሚኒባስ የወጣ ነበር። ከመግዛቴ በፊት የክራንክ ሻፍቱን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የመንቀሳቀስ ክፍተት አስለካሁ፤ ትክክለኛው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ሲሆን የእኔው 0.11 ሆኖ ተገኘ። ይህ ልኬት ከፍ ያለበትን ሞተር ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ መግዛት አይገባም፤ ብዙውን ጊዜ የሞተሩ አካል ራሱ መበላቱን ያመለክታልና። ፍሪሲዮኑንም ለ1600 በሚሆነው ባለ 200 ሚሊሜትር ቀየርን።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነበር። መኪናዋን ልፈትን ብዬ ከቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስጓዝ፣ ገና መንገዱን ሳላጋምስ የተቃጠለ ዘይት ጠረን መጣ፤ አዳማ ክፍያ ጣቢያ ላይ ቆማ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ስትሠራ ደግሞ የዘይት ግፊት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሎ ቀጥኖ ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት ወደ ቤት ተጎትታ ከተመለሰች በኋላ ነው፤ ሞተሩን የገጠመው ጋራዥ በሞተሩ ዙሪያ የሚታሰሩትን ቆርቆሮዎች ሁለቱን፣ በሞተሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋውንም ጎማ ጭምር «ጌጥ ነው» ብሎ ትቷቸዋል። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ግን እነዚህ ጌጥ አይደሉም። ማራገቢያው ንጹሕና ቀዝቃዛ አየር ከላይ ስቦ በሲሊንደሮቹ ላይ እየገፋ ወደ ታች ያስወጣዋል፤ የሚለየው ቆርቆሮና ጎማ ከሌለ ከሥር የወጣው የጋለ አየር ተመልሶ ይሳባል፣ ሞተሩም የራሱን ትኩሳት እየተነፈሰ ይግላል። በዚህ ላይ የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም አነስተኛ ስለሆነ፣ በሌላ አገር ይቅር የሚባል ስሕተት በእኛ ከፍታ ይቅር አይባልም። ቆርቆሮዎቹን ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ አሟልቼ፣ ጎማውንም በአዲስ አስተካክዬ ከገጠምኩ ወዲህ ያ መብራት አንድም ጊዜ አልበራም። ከዚህ ሞተር ጋር የመጣው የዘይት ማቀዝቀዣም ረድቶኛል፤ በቀድሞው አሠራር ማቀዝቀዣው ሦስተኛ ሲሊንደር የሚያገኘውን አየር ይጋርድ ነበር፣ በኋለኞቹ 1600 ሞተሮች ግን ለብቻው በተሠራ ሽፋን ውስጥ ከመንገዱ ወጥቷል።

ካርቡራተሩ ትዕግሥት ጠይቋል። የባሕር ጠለል ልኩን እንደያዘ ሲገጠም ከሚገባው በላይ ነዳጅ ስለሚሰጥ ካንዴላዎቹ በሳምንት ውስጥ ጥቀርሻ ለበሱ፤ ዋናውን የነዳጅ ማሳለፊያ ከ127.5 ቀዳዳው ጠበብ ወዳለው 122.5 ሳወርደው ካንዴላዎቹ ቡናማ ሆኑ፣ የጠዋት አነሣሷም ተስተካከለ። ሆኖም ለቤቴ የሚስማማው ልክ ለቆላ አይስማማም። በጥር ወር ወደ አዋሽ በወረድኩ ጊዜ፣ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ሲቀንስ አየሩ ወፈረ፣ ነዳጁ ግን በዚያው ልክ ስላልጨመረ ሞተሩ በነዳጅ እጥረት መጋል ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ማሳለፊያዎች በመሣሪያ ሳጥኔ ይዤ እጓዛለሁ፤ ረጅም ቁልቁለት ያለበት ጉዞ ከሆነ ከመነሣቴ በፊት ትልቁን አስገባለሁ። ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የሚጻፍ ስለሆነ የግዢ ሰነዱን በእጅ ሳይዙ ሞተር መግዛት አይገባም፤ አለዚያ ዓመታዊው ምርመራ ሲደርስ ቦሎ ማግኘት አይቻልም።

አሁን ይበልጥ ልናገርለት ወደምፈልገው የእግር ክፍል እመጣለሁ። በሰፈሬ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ገና ሞተሩን ሳልገዛ «ልጄ፣ መጀመሪያ የምትቆምበትን አስተካክል፤ የምትሮጥበት አይጠፋም» ብለውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም፤ ለስድስት ወራት ያህልም ጉልበት ያላት ግን የማትታመን መኪና ነዳሁ። ፈጣን መንገዱ ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስትሄድ አንድ ትልቅ አውቶቡስ አጠገቤ ካለፈ ነፋሱ ወደ ዳር ይገፋት ነበር፤ ጠበብ ባለ ኩርባ ላይ ፍጥነት ቀንሼ እግሬን ከነዳጅ ሳነሣ ደግሞ የኋላዋ ወደ ላይ የመነሣት ስሜት ነበረው።

ይህ የኋላ መነሣት የራሱ ምክንያት አለው። እንደ እኔዋ ባሉ የዚያ ዘመን ቮልሶች ላይ የኋላው አክስል የሚታጠፈው ካምቢዮው አጠገብ ባለ አንድ መጋጠሚያ ብቻ ስለሆነ፣ የመኪናው ኋላ በተነሣ ቁጥር የጎማው ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መሬት የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። የኋላውን ክብደት የሚሸከሙት ሞላዎች ሳይሆኑ የሚጠማዘዙ የብረት ዘንጎች ናቸው፤ የዘንጉ የውስጥ ጫፍ 40፣ የውጭው 44 ጥርሶች ስላሉት ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ አንዳንድ ጥርስ በማዞር ከፍታውን እጅግ በቀጭን ልክ ማስተካከል ይቻላል። የእኔዎቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተሸክመው ረግበው ስለነበር፣ ጭቃውና ኮብልስቶኑ ሆዷን እንዳይነካት ከፍ እንዲደረጉ ፈለግኩ። ነገር ግን ከፍ ማድረግ በራሱ ጎማውን ወደዚያው መጥፎ አቋም ይገፋዋል። መኪናው ሲረግብ ኩርባ ላይ ይሻሻላል፣ ሲነሣ ደግሞ ለሰፈር መንገድ ይመቻል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ነበር።

መፍትሔው ከካምቢዮው ሥር በወርድ የሚታሰር፣ ሁለት ጫፎቹ አክስሎቹን ከታች የሚደግፉ አንድ ባሌስትራ (ጠፍጣፋ የብረት ሞላ) ሆነ። ኋላው ሲነሣ ሁለቱም ጎማዎች አብረው ወደ ውስጥ እንዳይታጠፉ ይይዛቸዋል፤ አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ግን እምብዛም አይታገለውም። ዘመዴ ከውጭ ያመጣልኝን ይህን ዕቃ ገጥመን ኋላዋን በልኩ ብቻ ከፍ ካደረግን በኋላ፣ ከፊት ወፍራም የማረጋጊያ ዘንግ፣ በአራቱም እግር የጋዝ ሾክ፣ በፊት ጎማዎች ላይም በታምቡር ፋንታ ዲስክ ፍሬን አስገባን። ለውጡን ለመግለጽ አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ ቀድሞ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ትከሻዬ እስኪደነዝዝ እሄድበት የነበረውን የአዳማ መንገድ፣ አሁን እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እያንቀላፋች እሄድበታለሁ። በዝናብ ከቃሊቲ ቁልቁል ከከባድ መኪኖች መካከል ስወርድ ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን አይጎትትም፤ ይህ ከየትኛውም የፈረስ ጉልበት ይበልጥብኛል። አንዳንድ ወጣቶች ለመልክ ሲሉ ቮልስን መሬት እስክትነካ ዝቅ ያስደርጋሉ፤ አስፋልቱ አልቆ ድንጋይና ጭቃ በሚጀምርበት በእኛ ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ይህን በፍጹም አልመክርም።

ጉድለቶችም አሉ። ከፊት በእግር ክፍሉ መጋጠሚያዎች ላይ ያስገባናቸው ጠንካራ የፕላስቲክ ቡሺንጎች ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅ መጮህ ጀመሩ፤ ፈትቶ በግሪስ ማሸት ጊዜያዊ መፍትሔ ብቻ ስለሆነ ከላስቲክ በተሠሩት ልተካቸው ነው። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስትሄድ ከቀድሞው ይልቅ ትጠነክራለች። ነዳጅም ከ9 ወደ 10.5 ሊትር ገደማ በ100 ኪሎ ሜትር አድጓል። ካምቢዮው ግን የ1300 እንደሆነ ስለቀረ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ በደቂቃ ከ3,200 በላይ ዙር ይዞራል፤ ጉልበቱ ለረጅም ማርሽ ሲበቃ አጭሩን ማርሽ ይዞ መጮኹ ያሳዝነኛል። ይህ ሞተር 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ስለሚይዝና ከወንፊት በቀር ፊልትሮ ስለሌለው በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን እቀይራለሁ፤ በዚያው ቀን የቫልቮላዎቹን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በ0.15 ሚሊሜትር አስተካክላለሁ።

ከጠቅላላው ወጪዬ ከግማሽ በላይ የወሰደው ሞተሩ ነው፤ የመኪናዋን ጠባይ የለወጠው ግን ቀሪው ነው። ዛሬ እንደገና ብጀምር ፍሬኑንና የእግር ክፍሉን አስቀድሜ፣ በአሮጌው 1300 አንድ ዓመት እነዳበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ «ለምን በኤሌክትሪክ አታስቀይራትም?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ የባትሪው ክብደት በዚህ የኋላ አክስል ላይ የሚያመጣውን ሳስበው ግን፣ የእግር ክፍሉ እንደገና ሳይሠራ የሚሞከር ነገር አይመስለኝም። ለጊዜው የምፈልገው ረዘም ያለ ማርሽ ያለው የ1600 ካምቢዮ ነው፤ ከመጪው ክረምት በፊት ከተገኘ በዚያው ሥራ ከላስቲክ የተሠሩትን የአክስል ሽፋኖችም አስቀይራለሁ፤ የግራው ዘይት ማላብ ጀምሯል።