ሲስተርን ላመስግን፦ የልጄን ድድ አይታ ጥርሱን ከበሽታው ለለየችልን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ

ይህን ስጽፍ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ማንኪያ ትነክሳለች። አስራ አንድ ወሯ ነው። ከታች ሁለት፣ ከላይ ሁለት ጥርስ አላት። አራቱም በሰላም ወጥተዋል። ለዚህ የማመሰግናት አንዲት ሴት አለች፤ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። ስምሽን ልጻፈው ወይ ስላት "ስራዬን ነው የሰራሁት፣ ተይው" አለችኝ። እኔም ሰፈሩ እንደሚጠራት ሲስተር እላታለሁ።

የማውቃት ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው። ቦርሳዋን አንግታ፣ መዝገቧን ይዛ፣ በር እያንኳኳች ትዞራለች። እኛ ሰፈር የሷን ማንኳኳት ሰምተው "የሉም በሏት" የሚሉ ቤቶች አሉ። እኔም መጀመሪያ አካባቢ ቶሎ እንድትሄድ በር ላይ ቆሜ ነበር የማናግራት። አሁን ሳስበው በጣም ይቆጨኛል።

ልጄ አራት ወር ሊሞላት ሲል ለሃጯ አላቆም አለ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ልብስ እቀይርላታለሁ። አገጯ ስር ቀላ ብሎ ሽፍ አለባት። እጇን እስከ አንጓዋ አፏ ውስጥ ትከታለች። በቃ ጥርስ ልታወጣ ነው ብዬ ለዘመድ ሁሉ ደወልኩ። ሲስተር ስትመጣ ለሷም ነገርኳት። እሷ ግን እንኳን ደስ አለሽ አላለችም። እጇን በሳሙና ታጠበች። ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞር ነገረችኝ። ከዚያ የታችኛውን ድድ ፊት ለፊቱን በጣቷ ቀስ ብላ ዳበሰች።

"ገና ነው፤ ለስላሳ ነው" አለች። ቀጥላ እኔንም እጄን አስታጥባ አስዳሰሰችኝ። "የዛሬውን ካላወቅሽ የነገውን ለውጥ አታውቂም" አለችኝ። ይቺ አባባሏ እስከ ዛሬ ትጠቅመኛለች።

ያኔ እንደገባኝ፣ በሶስትና በአራት ወር የምራቅ እጢዎች ከበፊቱ የበለጠ ማመንጨት ይጀምራሉ። ህጻኑ ደግሞ ምራቁን መዋጥ ገና አልለመደም። ስለዚህ ይፈሳል። እጅ ወደ አፍ መውሰዱም የዚያ ዕድሜ ነው፤ ዓለምን የሚያውቁት በአፋቸው ነው። ለሃጭ ብቻውን የጥርስ ምልክት አይሆንም ማለት ነው። ለሽፍታው አገጯን ሳልፈትግ በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ እያደረግኩ እንዳደርቅና ስስ ቫዝሊን እንድቀባት አሳየችኝ። በሶስት ቀን ለቀቃት።

አምስት ወር ተኩል ሲሆናት ግን ነገሩ ተለየ። ቀን ደህና ትውልና ማታ ነጭናጫ ትሆናለች። እንቅልፏ ተቆራረጠ። ጡት ስትይዝ ትነክሳለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች። ያገኘችውን ሁሉ በድዷ ታኝካለች፤ የሶፋውን ጠርዝ ሳይቀር። ጉንጯን ታሻለች፣ ጆሮዋን ትጎትታለች። እጄን ታጥቤ ሲስተር እንዳሳየችኝ ዳሰስኩት። የታችኛው ድድ ፊት ለፊቱ አበጥ ብሏል፣ ቀላ ብሏል፣ ጣቴ ስርም እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ጠጣር ነገር ቆመ። ባለፈው አልነበረም። የዛሬው ከትናንቱ እንደሚለይ በጣቴ አወቅኩት።

ለሲስተር ደወልኩላት። ስለ ጆሮዋ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ትኩሳት አላት? ከጆሮዋ የሚፈስ ነገር አለ? የለም አልኳት። "እንዲያ ከሆነ ከድዷ ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት ከመጣ ግን ጆሮዋ መታየት አለበት" አለችኝ። አብዛኞቹ ልጆች የመጀመሪያውን ጥርስ የሚያወጡት ስድስት ወር አካባቢ ነው። ከታች የፊቶቹ ሁለቱ ይቀድማሉ፣ የላይኞቹ ይከተላሉ። በአራት ወር የሚያወጣ አለ፣ ዓመት የሚጠጋም አለ። የጎረቤት ልጅ ቀደመ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ዓመት አልፎ ምንም ካልበቀለ ማሳየት ነው። ሶስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ይሞላሉ፤ ልጆች ሳለን ስትነቀል ጣሪያ ላይ የምንወረውራት ጥርስ ማለት ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናገር። አንድ ፋርማሲ ገብቼ ለህጻን ጥርስ ማስታገሻ ስላቸው ድድ የሚያደነዝዝ ጄል ሰጡኝ። ስንት ወሯ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሳልቀባት በፊት ለሲስተር አሳየኋት። ማሸጊያውን አንብባ "ቤንዞካይን አለበት፣ እንዳትነኪው" አለችኝ። አልፎ አልፎ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ሊያደርግ የሚችል መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መስሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ህጻናት ጥርስ ማስታገሻ ተብሎ መሸጡ እንዲቆም ጠይቋል። በምትኩ ሲስተር የነገረችኝ ምንም ገንዘብ አላስወጣኝም። ንጹህ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነክሮ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየትና እያዩ ማስነከስ። ፍሪዘር አይደለም፤ በረዶ የሆነ ነገር ድዱን ይጎዳል። ወይም በታጠበ ጣት ድዱን ቀስ ብሎ ማሸት። ለልጄ ከሁሉም የበለጠው ጣቴ ነበር። ስድስት ወር ሊሞላት ሶስት ቀን ሲቀር ነጭ ጫፍ ብቅ አለ።

ሲስተርን በአደባባይ እንዳመሰግናት ያደረገኝ ግን የዚያን ጊዜው አይደለም። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ሰባት ወሯ ላይ እናቴ ከጎጃም ልትጠይቀን መጣች። በመጣች በሳምንቱ ልጄን አስቀመጣት። ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ። አስመለሳት። ትኩሳቷን ስለካው 38.7 አለ። እኔ ራሴ ያልኩት ምን መሰላችሁ? "የላይኛው ጥርሷ ሊወጣ ነው።" ጥርስ ሲበቅል ያስቀምጣል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብዬ አሳለፍኩ።

እናቴ ደግሞ አፏን ከፍታ አየች። የላይኛው ድድ በጎንና በጎን አበጥ ብሎ ነጣ ብሏል። "ግግ ነው" አለች፤ ድድ ተቆፍሮ የሚወጣውን ማለቷ ነው። "ካልወጣላት ይገድላታል።" የምታወጣ ሴት ከጎረቤት ጠይቃ አግኝታለች። ለነገ ጠዋት ተነጋግረው ጨርሰዋል።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ለሲስተር ደወልኩ። ስራ ጨርሳ ቤቷ ገብታ ነበር። ወዲያው መጣች።

እናቴን አልተቆጣቻትም። አጠገቧ ቁጭ ብላ "እማማ፣ እስቲ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳዩኝ" አለቻት። እናቴ አሳየቻት። ሲስተር በእርጋታ አስረዳቻት። "ይሄ የውሻ ክራንቻዋ ነው እማማ። የሚወጣው ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። አሁን ድዱ ስር ተኝቶ እያደገ ነው። ገና ስላልጠነከረ ሲያወጡት ለስላሳ ነጭ ሆኖ ትል ይመስላል። ግን ጥርስ ነው። ከሱ ስር ደግሞ ስታድግ የሚተካው ጥርስ አለ፣ አብሮ ይጎዳል።" በምስማር ወይ በወስፌ ድድ ሲቆፈር ስለሚፈሰው ደም፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍ፣ በአንድ መሳሪያ ስንት ልጅ ስለሚነካካ ነገረቻት። እናቴ "ያወጡላቸው ልጆች ሲድኑ አይቻለሁ" አለች። "ተቅማጡ ጊዜውን ጠብቆ ያልፋል እማማ፤ የዳኑት ግጉ ስለወጣላቸው አይደለም" አለቻት።

እናቴ ዝም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "የአንቺንም እኮ አስወጥቼልሻለሁ" አለችኝ።

አላውቅም ነበር። የላይኛው የግራ ክራንቻዬ ትንሽ ነው፣ ተጣሞ ነው የበቀለው። ስስቅ እጄን አፌ ላይ ማድረግ ከልጅነቴ የለመድኩት ነገር ነው። ሲስተር አየችው። "ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ ሆኖ መናገር ግን አይቻልም" አለች። እናቴ አይኗ እንባ ሞላ። "እኔ እኮ ልጄን ላድን ብዬ ነው።" ሲስተር እጇን ያዘቻት። "አውቃለሁ እማማ። ያኔ የሚነግርዎት ሰው አልነበረም።"

ህግ የሚባል ነገር በእናቴ ፊት አላነሳችም። ለእኔ ብቻ ኋላ በር ላይ ነገረችኝ፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ህግ አንቀጽ 561 የህጻን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል በስም ይጠራቸዋል። እናቴን እዚያ ቦታ ህግ ጠቅሳ ብታስፈራራት ኖሮ ነገሩ ተደብቆ የሚደረግ ይመስለኛል። ያንን ማወቋ ነው የሚገርመኝ።

ይህን ሁሉ ስታወራ እጇ ስራ አልፈታም። የልጄን የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቶሎ አልተመለሰም። እርግብግቢቷን ዳሰሰች። ስታለቅስ እንባ መኖሩን አየች። "ውሃ እያለቀባት ነው፣ አሁን እንሂድ" ብላ ጤና ጣቢያ ይዛን ሄደች። ኦ አር ኤስ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ሰጠናት። ዚንክ በቀን 20 ሚሊግራም ለአስር ቀን ታዘዘላት። ለትኩሳቱም በክብደቷ ተሰልቶ ፓራሲታሞል። ጡቱን እንዳላቋርጥ ደጋግመው ነገሩኝ።

ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ሲስተር ስለ ምግቧ ጠየቀችኝ። ጠዋት የሰራሁትን አጥሚት በጡጦ አድርጌ እስከ ከሰዓት እንደምሰጣት ነገርኳት። "ምናልባት ከዚያ ነው" አለች፣ ሳትቆጣ። ስድስት ወር አካባቢ ብዙ ነገር አንድ ላይ ይመጣል። ከእናት ማህፀን ይዘውት የተወለዱት የበሽታ መከላከያ እየቀነሰ ይሄዳል። ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል። መሬት ላይ ያለ ነገር ሁሉ አፍ ይገባል። ጥርስም በዚያው ሰሞን ይበቅላል። ጥርሱ ስለሚታይ ጥፋቱ ሁሉ የሱ ይሆናል። ጥርስ ማብቀል ሰውነትን ትንሽ ሞቅ ሊያደርግ ይችላል እንጂ 38 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት አያመጣም። ውሃ የመሰለ ተቅማጥም አያመጣም። ልጅ ጡት እምቢ ካለ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከዛለ ወይም ካንቀጠቀጠው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው። በሶስተኛው ቀን ልጄ ሳቀች። ጡጦውን ጣልኩት፤ አሁን የምትበላው በየምግብ ሰዓቷ ትኩስ ተሰርቶ በኩባያና በማንኪያ ነው።

እናቴ ድዷን ማር ልቀባላት ብላ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ማር እንደማይሰጥ ሲስተር ስትነግራት፣ በህጻን አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ተህዋስ ሊኖረው ስለሚችል መሆኑን ስትሰማ፣ ያለ አንድ ቃል ማሩን አነሳችው። በዚያን ጊዜ ሲስተር ያለችውን ታምን ነበር።

ህጻን ልጅ ያላችሁ፣ የወረዳችሁን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ "የእኛ ቀጠና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማን ናት?" ብላችሁ ጠይቁ። ስልኳን ያዙ። አገልግሎቱ በነጻ ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. በገጠር ተጀምሮ ኋላ ወደ ከተማ የገባ ነው፤ የከተማዎቹ አብዛኞቹ በነርስነት የተመረቁ ናቸው። ስትመጣ ወንበር ስጧት። የልጃችሁን ድድ አሳዩዋት፣ መዳሰስ እንድታስተምራችሁ ጠይቋት። አያት ቤት ውስጥ ካሉ እሳቸውም ባሉበት ይሁን። የእኛ ሰፈር ሰዎች ደግሞ የትኛዋን ሲስተር እንደምል ታውቃላችሁ፤ ነገ ስታንኳኳ "የሉም" አትበሏት።

ባለፈው እሁድ እናቴ ከጎጃም ደወለችልኝ። የጎረቤቷን የልጅ ልጅ አስቀምጦት ግግ ሊያወጡለት ሲሉ ደርሳ "ጥርሱን ተዉት፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት" ብላ አብራቸው ሄዳለች። ልጁ ተሽሎታል። "ለዚያች ልጅ ንገሪልኝ" አለችኝ።

ሲስተር፣ ይኸው ነገርኩሽ። እግዚአብሔር ይስጥልን።