የሞርጌጅ መክፈያ መድን ወይስ መደበኛ የሕይወት መድን?

በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ቤት የገዛ ወገናችን ቁልፉን በተረከበ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአበዳሪው ስምና የብድሩ መጠን በጉልህ የታተመበት፣ ከባንኩ የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ከፖስታ ሳጥኑ ያገኛል። የሚቀርብለት የሞርጌጅ መክፈያ መድን ሲሆን፣ ተበዳሪው ቢሞት ቀሪውን ዕዳ ለአበዳሪው ይከፍላል። ይህ ቅድሚያ ክፍያቸው ከ20 በመቶ በታች የሆነ ገዢዎች በየወሩ ከሚከፍሉት፣ ፒኤምአይ (PMI) ከሚባለው መድን የተለየ ነው፤ ፒኤምአይ ተበዳሪው ብድሩን መክፈል ቢያቅተው አበዳሪውን እንጂ ቤተሰቡን አይጠብቅም።

ሌላው አማራጭ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት የሚገባው መደበኛ የሕይወት መድን ነው። 400,000 ዶላር በ6 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት የተበደረ አባወራ 15 ዓመት ከፍሎ ቢሞት ቀሪ ዕዳው 284,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። የመክፈያ መድኑ ይህንኑ ለባንኩ ይከፍላል፤ አረቦኑ (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) ግን ብዙውን ጊዜ ከዕዳው ጋር አብሮ አይቀንስም። በ400,000 ዶላር የሕይወት መድን ግን ሙሉው ገንዘብ በባለቤቱ እጅ ስለሚገባ፣ ዕዳውን ዘግታ 116,000 ዶላር ያህል ይተርፋታል፤ ከፈለገችም ብድሩን በየወሩ እየከፈለች ገንዘቡን ለልጆቿ ትምህርት ልታውለው ትችላለች።

ስለዚህ ጤነኛ ለሆነ ሰው ያለማመንታት ሁለተኛውን እመክራለሁ። የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን፣ የመክፈያ መድን ብዙ ጊዜ የሕክምና ምርመራ ስለማይጠይቅ፣ ቤተሰቡን ያለ ዋስትና ከሚተው እርሱን ቢይዝ ይሻለዋል፤ ከመፈረሙ በፊት ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሕመም ለሚደርስ ሞት ውሉ ሙሉውን መክፈል አለመክፈሉን ያንብብ።