ሼርድ ሆስቲንግ፣ ኮንቴይነር ወይስ ኬቪኤም? የዓመት ከመክፈላችሁ በፊት ፕሮክን ክፈቱ

የሰርቨር ሻጮችን ገጽ ብታዩ ሁሉም አንድ ነው። 2 ኮር፣ 2 ጊጋ ሜሞሪ፣ ፈጣን ዲስክ። ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፣ ለምን እንደሆነም በግልጽ የሚነግራችሁ የለም። እኔ ማስታወቂያውን ትቼ መጀመሪያ የምከፍተው ፕሮክ የሚባለውን ፎልደር ነው።

ፕሮክ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ነገር አይደለም። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ስለሚሠሩት ፕሮሰሶች፣ ማለትም በሥራ ላይ ስላሉ ፕሮግራሞች፣ የሚያውቀውን በፋይል መልክ የሚያሳይበት በር ነው። የፋይሎቹ መጠን ዜሮ ይላል፣ ስታነቡት ግን መልሱን እዚያው ያዘጋጃል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ በቁጥሩ የተሰየመ ፎልደር አለው። የፕሮሰስ ዝርዝር የሚያሳዩት ፒኤስም፣ ቶፕም፣ ኤችቶፕም መረጃቸውን የሚቀዱት ከዚሁ ስለሆነ ፕሮክ ካልተናገረ እነሱም አይናገሩም። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ቶም ኪሊያን ቤል ላብስ ውስጥ ለዩኒክስ ሠርቶት በ1984 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል።

ሼርድ ሆስቲንግ፣ ማለትም ብዙ ደንበኞች አንድ ሰርቨር የሚጋሩበት፣ ርካሹ ነው። ለአንድ የዎርድፕሬስ ዌብሳይት ይበቃል። ኤስኤስኤች (ከርቀት ሰርቨሩ ላይ ኮማንድ መጻፊያ) ከሰጧችሁ ግቡና የሁሉንም ፕሮሰስ ዝርዝር ጠይቁ። ጥሩ ሻጭ ሃይድፒድ የሚባለውን ማስተካከያ ስለሚያበራ የራሳችሁን ብቻ ታያላችሁ። የጎረቤት ፕሮሰስ ከታያችሁ ግን ውጡ፣ እናንተም ለእነሱ ትታያላችሁና። ፕሮሰሱ የተነሣበትን ኮማንድ የያዘውን ሲኤምዲላይን የሚባለውን ፋይል ያለዚያ ማስተካከያ ማንም ማንበብ ይችላል፤ ስክሪፕታችሁን ስታስነሱ ፓስዎርድ ኮማንዱ ላይ ከጻፋችሁ አለቀ።

አብዛኛው ሰው የሚሸወደው ኮንቴይነር ቪፒኤስ (ከአንድ ማሽን ላይ ተከልሎ የሚከራይ ሰርቨር) ላይ ነው። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ትሆናላችሁ፣ ከርነሉ ግን የጋራ ነው። 2 ጊጋ ገዝታችሁ ሜምኢንፎ የሚባለውን ፋይል ስትከፍቱ 64 ጊጋ ሊላችሁ ይችላል። ደስ አይበላችሁ! ያ የዋናው ማሽን ሜሞሪ ነው፣ ሻጩ ሜምኢንፎ የእናንተን ገደብ እንዲያሳይ የሚያደርገውን ኤልኤክስሲኤፍኤስን ስላልጫነ የመጣ። እውነተኛው ገደብ ሲግሩፕ (ከርነሉ ለፕሮሰሶች ገደብ የሚያስቀምጥበት) ውስጥ ነው ያለው፣ እሱን ስታልፉ ከርነሉ ፕሮሰሳችሁን ይገድለዋል። ጃቫ የምትጠቀሙ በተለይ ተጠንቀቁ፦ ጃቫ በራሱ ከሚያየው ሜሞሪ እስከ ሩቡ ድረስ ለሂፕ (ፕሮግራሙ ዳታውን ለሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) ይመድባል፣ ኮንቴይነር ውስጥ መሆኑን ማወቅ የጀመረው ደግሞ ከጃቫ 10 ወዲህ ነው (ወደ ጃቫ 8ም በኋላ በአፕዴት ገብቷል)። አሮጌው ሥሪት 64 ጊጋ አየሁ ብሎ 16 ለመውሰድ ያስባል፣ ከዚያ ሲሞት ጥፋቱ የኮዳችሁ ይመስላችኋል። ኮንቴይነሩ የሚሠራው በድሮ ኦፕንቪዜድ (የኮንቴይነር ሲስተም) ከሆነ ዩዘር ቢንካውንተርስ የሚል ፋይል ፈልጉ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ያለው ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ገደባችሁ ጋር እየተጋጫችሁ ነው።

ኬቪኤም (እንደ ሙሉ ማሽን የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን) ላይ ከርነሉ የራሳችሁ ነው። ፕሮክም የእናንተን ማሽን ብቻ ያሳያል፣ የእያንዳንዱን ፕሮሰስ የተከፈቱ ፋይሎች፣ የሜሞሪ ካርታ፣ ሁሉንም። እዚህ የሚታየው ሌላ ነገር ነው፦ ሻጩ አንዱን ሲፒዩ ለስንት ሰው ሸጦታል? ስታት የሚባለው ፋይል የመጀመሪያ መስመር ላይ ስምንተኛው ቁጥር ስቲል ይባላል፣ ሲፒዩ ፈልጋችሁ ለሌላ ተሰጥቶ የጠበቃችሁትን ጊዜ ይቆጥራል። ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ የተደመረ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ልዩነቱን ውሰዱ፣ ወይም ቶፕ ላይ ኤስቲ የሚለውን እዩ። ቀኑን ሙሉ ከፍ ብሎ ከዋለ ሻጩ ከአቅሙ በላይ ሸጧል ማለት ነው። ዜሮ መሆኑ ብቻውን ግን አያረጋግጥም፣ ስቲልን የማያሳውቅ ማሽንም አለ። ስለዚህ ማታ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ከባድ ሥራ ሰጥታችሁ ፍጥነቱንም መዝኑ።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ ዳታቤዝ ወይም ጃቫ ያለው ሰው ጥቂት ጨምሮ ኬቪኤም ይግዛ። ኮንቴይነር የምቀበለው ሜምኢንፎው የገዛሁትን ያህል ካሳየኝ ብቻ ነው፣ ለመሞከሪያና ለትንሽ ቦት ያኔ ጥሩ ዋጋ አለው። ከሦስቱ የትኛውንም ብትገዙ የመጀመሪያውን ወር ብቻ ክፈሉ፣ ቅናሹ የቱንም ያህል ቢያጓጓ፤ ሜምኢንፎንና ስታትን አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የዓመቱን ታስቡበታላችሁ።